ከብት ወደ መተማ ሲወርድ

መተማ ሲባል ሐሳባችሁ አስቀድሞ ወደ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ወደ ቆሰሉበት የጦር ሜዳ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ተገቢም ነው። ነገር ግን መተማ ከዚያም በፊት የገበያ በር ነበረች፤ የደጋው ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና የቀንድ ከብት በእርስዋ በኩል ወደ ሱዳን ወርዷል። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድኩት ስለ ከብቱ ጉዞ ነው።

ቀድሞ ከብቱ በእግሩ ይሄድ ነበር። ብልህ ነጂ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ ደግሞም ወደ ማታ ይነዳል፤ ቀትር ላይ ከውሃ ዳር ያሳርፋል። ይህን የሚያደርገው ከርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ በሬው ከከሳ ዋጋውም አብሮ ይከሳልና። የድሮውን አላሞግስም፤ በዚያም መንገድ ላይ የሚሰናከለውና የሚዘረፈው ጥቂት አልነበረም።

የጭነት መኪና ሲመጣ መንገዱ አጠረ። ከ2,100 ሜትር ከሚበልጠው የጎንደር ከፍታ ተነሥቶ፣ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ አልፎ፣ 700 ሜትር ያህል ወደሆነው ቆላ በአንድ ቀን መውረድ ተቻለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የዚያ ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ደገኛው ሰንጋ ይህን ለመልመድ አንዲት ሌሊት እንኳ አያገኝም። ተጨናንቆ ከተጫነ ደግሞ የወደቀው መነሣት ያቅተዋል፤ ጓደኞቹ ይረግጡታል።

ጉዳዩ የአንድ በሬ ሥቃይ ብቻ አይደለም። የደከመ ከብት በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል፤ የአንዱም ትንፋሽ ለሌላው ይደርሳል። ከብት ያለ ጥንቃቄ ማጓጓዝ የሚያስከትለውን መከራ አገራችን በ1880 ዓ.ም. ገደማ አይታለች፤ ጣሊያኖች በመርከብ ወደ ምጽዋ ካስመጡት ከብት ጋር የደስታ በሽታ ገባ። (ስሙን ደስታ ያለው ሰው ምን አስቦ ይሆን!) ከብቱ አለቀ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፤ ክፉ ቀን መጣ። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ከህንድ ወደ ብራዚል የሚሄድ ከብት በቤልጂግ አንትወርፕ ወደብ ሲያልፍ ያው በሽታ አውሮፓን አስደነገጠ። በዚህም ምክንያት መንግሥታት ተስማምተው በ1916 ዓ.ም. በፓሪስ የእንስሳትን በሽታ የሚከታተል ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት አቆሙ። ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። መሥሪያ ቤቱም አስቀድሞ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የማጓጓዣ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ መቆም የማይችል፣ ሁለት ዓይኑ የታወረ፣ ልትወልድ የተቃረበችም ላም እንዳይጫኑ ይላል።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። መኪናው ሲሄድ ከብቱ ነፋስ ያገኛል፤ በኬላ ሲቆም ነፋሱም ይቆማል። ስለዚህ ከጠረጴዛ ላይ የዘገየ ወረቀት ከነጂው ዱላ ባላነሰ ይመታዋል። በወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የከብቱ ቁጥርና ጤና ይጻፋል፤ መቼ ውሃ እንደጠጣ የሚጠይቅ ሰው ግን ብርቅ ነው። ማዶ ጋላባት ትታያለች፤ ሰንጋው ማኅተሙ እስኪያርፍ ድረስ ከመኪናው ላይ እንደቆመ ያለከልካል።