ሲግቱናን ማን ሠራት? ማንስ አፈረሳት?

ስለ አንዲት ከተማ ውድቀት ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በመጣ ጠላት ላይ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዷ ሲግቱና ናት ብዬ አምናለሁ። ሲግቱና ከስቶክሆልም በስተሰሜን፣ በሜላረን ሐይቅ ዳር የምትገኝ ትንሽ የስዊድን ከተማ ናት። በአርላንዳ በኩል ስዊድን የገባ ወገናችን ስሟን ባይሰማም ግዛቷን ረግጧል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው በሲግቱና ማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ነውና።

ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ980 ገደማ፣ «ድል አድራጊው» በሚል ቅጽል በሚታወቀው በንጉሥ ኤሪክ ዘመን ነው። ልጁ ኦሎፍ ሼትኮኑንግ በ995 ገደማ የስዊድንን የመጀመሪያ ሳንቲም እዚሁ አስመታ። ሥራውን ያከናወኑት ከእንግሊዝ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ አርአያቸውም የእንግሊዙ ንጉሥ የኤቴልሬድ ገንዘብ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ንጉሡ ሥልጣኑን ያወጀበት ምልክት ራሱ የባዕድ እጅ ሥራ ነው።

ወደ ጥፋቷ ትረካ እንለፍ። በ1187 ከባልቲክ ባሕር ማዶ የመጡ አረማውያን ከተማዋን ወረሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤሪክ ዜና መዋዕል ወራሪዎቹን ካሬሊያውያን አላቸው፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ ጥፋቱን አንዴ በኢስቶኒያውያን፣ አንዴ በሩሲያውያን ላይ ጣሉት። በኖቭጎሮድ የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል የሚታየው የነሐስ በር ከሲግቱና የተዘረፈ ነው እስከ መባል ተደረሰ። በሩ ግን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ማግደቡርግ የተሠራው ለፖላንዱ የፕዎትስክ ካቴድራል ነበር።

ወረራው እውነት ነው፤ ከተማዋ በእርሱ ጠፋች የሚለው ግን ማስረጃ አያግዘውም። በቁፋሮ ከተማዋን ሙሉ በሙሉ ያወደመ የቃጠሎ አሻራ አልተገኘም። እንዲያውም ዶሚኒካውያን መነኮሳት የቅድስት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በጡብ አንጸው በ1247 አስባርከዋል። ጠፍ በሆነ ከተማ እንዲህ ያለ ሕንጻ ማን ያቆማል? የውድቀቷ ምክንያት ሌላ ነው። የጳጳሱ መንበር ወደ ኡፕሳላ ተዛወረ፤ ኡፕሳላም በ1164 የሊቀ ጳጳስ መቀመጫ ሆነች። መሬቱ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ቀድሞ የባሕር ሰርጥ የነበረው ሜላረን ሐይቅ ሆነ። ስሟ በ1252 በጽሑፍ ብቅ ያለው ስቶክሆልም በሐይቁና በባሕሩ መገናኛ ላይ ተቀምጣ ንግዱን ወሰደች። ሥልጣንና ገበያ ሲርቋት ሲግቱና ኮሰመነች።

በአንጻሩ ባዕዳን ለከተማዋ ምን እንደነበሩ አጽማቸው ይመሰክራል። በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን በሲግቱና ከተቀበሩትና ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከሜላረን አካባቢ ውጭ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ከብሪታንያ ደሴቶች፣ ከሰሜን ጀርመን፣ ከሊቱዌኒያና ከዩክሬን ምድር ድረስ የመጡ ነበሩባቸው።

ይህ ጉዳይ የታሪክ ብቻ አይደለም። ስደተኞችን መቀነስ ዋና ዓላማው ያደረገው የስዊድን ዴሞክራቶች ፓርቲ በ2022 ምርጫ ከ20 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ፓርቲ ሆነ። በስደተኞች ፖሊሲ ላይ መከራከር የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ነገር ግን «ባዕድ ያልነካት ጥንታዊት ስዊድን» ለክርክሩ ምስክር ሆና ልትጠራ አይገባም። የመጀመሪያው ሳንቲም በተመታባት ከተማ እንዲህ ያለች ስዊድን አልነበረችም።