ስለ ጉለሌ ደንና ስለ መንግሥት ዕቅድ

ከዐዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከጉለሌ ተነሥቶ እስከ እንጦጦ ራስ የሚወጣው ተራራ ዛሬ በዛፍ ተሸፍኖ ሲያዩት ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩን ስንመረምር፣ ይህ ደን የሰው እጅና የመንግሥት ዕቅድ ሥራ መሆኑን እንረዳለን።

ዐዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ ስለ ሄደ፣ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። ከእንጨቱም ችግር የተነሣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ዐዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ባድማ ከመሆን ያዳናት ትውልዱ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በጥቂት ዋጋ እንዲታደል፣ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ሕዝቡም ጥቅሙን ስላየ በገዛ ፈቃዱ ተከለ።

ቈይቶ ግን ባሕር ዛፍ ምንጭና የውሃ ጕድጓድ ያደርቃል የሚል ሥጋት ተነሣ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ምድጃው በባሕር ዛፍ የሚነድ ሕዝብ ማገዶውን ነቅሎ የሚጥልበት ምክንያት አልነበረውምና።

እንግዲህ ያው ሕዝብ፣ ያው ዛፍ ሆኖ ሳለ፣ የፊተኛው አሳብ ተራራውን ደን አለበሰ፤ የኋለኛው በወረቀት ላይ ቀረ። ልዩነቱ የሕዝቡን ኑሮ ከማገናዘብና ካለማገናዘብ የመጣ ነው።

ይህ ቁም ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ በሕግ ተጽፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92፣ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲ ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ ተጠይቆ አሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጠው። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም የአገሪቱን የአካባቢ ፖሊሲ መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም. አጸደቀ።

በጉለሌም የከተማው አስተዳደርና የዐዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ705 ሄክታር ላይ የዕፀዋት ማእከል በአንድነት አቋቁመው፣ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ተጀምሯል። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ከዚያው ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በመውረድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ። ዕቅድ አውጪ ዛፉን ሲቈጥር የእነዚህን እናቶች እንጀራ አብሮ ካልቈጠረ፣ ያ የቀድሞው ዐዋጅ የገጠመው ዕጣ ለእርሱም እንደማይቀርለት ልናሳስብ እንወዳለን።