አመድ፣ ዋልካ፣ የባሮ አሸዋ

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” የሚለውን ተረት ሰው ለወቀሳ ነው የሚያነሳው። ድመት ለሚያሳድግ ሰው ግን ትልቅ እፎይታ ነው። ከማትረሳቸው አመሎች አንዱ ቆፍሮ መቅበር ነዋ! ይሄን ከአፍሪካ የዱር ድመት ወርሳው ነው እንጂ ማንም አላስተማራትም። ስለዚህ “ድመትን በአሸዋ ማሠልጠን” የሚባለው ስሙ ትንሽ ይዋሻል። የሚሠለጥነው ሰው ነው፤ መሬቱን በሲሚንቶ ዘግቶባት ሲያበቃ ጥቂት አፈር በሳፋ የሚመልስላት።

የምኖርበትን ጋምቤላን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለእንግሊዞች ተፈቀደ፤ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተብሎ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ያመጣል፣ ከደጋ የወረደውን ቡና ይዞ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መርከብ የለም፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ወር ይቆጥራል። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መጋዘን ካለ አይጥ አለ፣ አይጥ ካለ ድመት ትፈለጋለች። የድመትና የሰው ወዳጅነት ራሱ የጀመረው በጎተራ ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን “የት ትጸዳዳ?” ብሎ መጨነቅ የጥቂቶች ጣጣ ነበር። ደጁ አፈር ነው፣ በሩም ክፍት ነው።

ጥያቄው ገበያ የሆነው በሩ ሲዘጋ ነው። በጥር 1947 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ አንዲት ሴት ለድመቷ የምትጠቀምበት አሸዋ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆነባት። አመድ ስታደርግ ደሞ ድመቲቱ በጥቁር እግሯ ቤቱን ማህተም ትመታበታለች። ጎረቤቷ ኤድ ሎው፣ ቤተሰቡ ለፋብሪካዎች ከሚሸጠው ፈሳሽ መጣጭ የሸክላ አፈር ሰጣት። ሠራ! ሎው በከረጢት አድርጎ “ኪቲ ሊተር” ብሎ ሸጠው፤ ሀብታምም ሆነበት።

እኔን የሚያስቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ዛሬ ውጭ አገር የሚሸጠው፣ ሽንት ሲነካው የሚጓጉለው አሸዋ ቤንቶናይት ከሚባል፣ ውሃ ሲያገኝ ከሚያብጥ ሸክላ የሚሠራ ነው። እዚህ ሐምሌ ላይ ጫማችንን አውልቆ የሚያስቀረው ዋልካ የሚያብጠውም በዚያው በስሜክታይት የማዕድን ቤተሰብ ነው። ግን ሮጣችሁ ዋልካ እንዳትዝቁ፤ የፋብሪካው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ ነው የሚመጣው። ጥሬው ዋልካ እግሯ ላይ ጭቃ ይሆናል።

ነገሩ ለእኛ ቤት ከጨዋታ ያለፈው እህቴ ስታረግዝ ነው። እማዬ ከጎሬ ደውላ “ያቺን ድመት ዛሬውኑ አስወጧት፣ ለጽንስ ጥሩ አይደለም” አለች። ፍርሃቷ መሠረት አለው። ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተውሳክ ኒኮልና ማንሶ ቱኒስ ውስጥ በ1908 ገልጸውታል፤ እንቁላሉ በድመት ዓይነ ምድር እንደሚወጣ የታወቀው ግን ከ60 ዓመት በኋላ፣ ወደ 1970 ግድም ነው። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። (ጥሬ ሥጋም እኮ ያስተላልፋል! እማዬ ግን ጥሬ ሥጋን ስትከስ ሰምቼ አላውቅም።)

ብናስወጣትስ የት ትሄዳለች? እዚያው ግቢ ነው። አይጥ እየበላች ጎመናችን ሥር ትቀብራለች፤ እንቁላሉ ደሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳፋው ግን ጣጣውን ዓይናችን ሥር ያመጣዋል። ትኩሱ እንቁላል ወዲያው አይበክልም፤ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ ከተጠረገ አይደርስም። የሚጠርገው ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን እኔ ነኝ፣ በጓንት፤ ከዚያ እጅ በሳሙና። እህቴ ጥሬ ሥጋ ትታለች፣ ሰላጣውንም በደንብ አጥባ ነው የምትበላው።

ሥልጠናውማ ምን አለው? ዝቅ ያለ ሳፋ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ አሸዋ፣ ከምግቧ የራቀ ጭር ያለ ጥግ። በልታ ስትጨርስና ከእንቅልፍ ስትነሳ እዚያ ማስቀመጥ። ብትስት አለመጮህ፣ አፍንጫዋን አለማስነካት፤ ሰውን መፍራት እንጂ ሌላ ነገር አትማርም። ሳፋውን በረኪና እስኪሸት ማጠብም ያሸሻታል፤ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። የእኛዋ በ3ኛው ቀን ያለ ጠሪ ሄደች።

የቀረው ጭንቀት አሸዋው ነው። በበጋ ባሮ ሲጎድል ዳርቻው ሁሉ አሸዋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ መልሶ ይወስደዋል። መውለጃዋ ሐምሌ ስለሆነ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ከአሁኑ በረንዳ ላይ አስቀምጫለሁ። በደንብ መሸፈን አለብኝ፣ የጎረቤት ድመቶችም አመላቸውን አልረሱም።