ከማትሪክ እስከ ምደባ፦ የሀዋሳ ወላጆችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር

የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅበላ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በአዋጆች፣ በፈተናዎችና በተቋማት ብዛት ሲሆን የወላጅ ስም በዚህ ትረካ ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ለዚህ ዝምታ በቂ ምክንያት አለ። ቅበላው ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የተፈጸመው በአገር አቀፍ ፈተና ውጤትና በምደባ፣ ማለትም ተማሪውን ወደ አንድ ተቋምና የትምህርት ክፍል በሚልከው ማዕከላዊ የመንግሥት ውሳኔ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ለዩኒቨርሲቲው የሚያቀርበው ማመልከቻም ሆነ የሚደራደርበት ክፍያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ወላጅ ከውሳኔው ውጭ መሆኑ ከድካሙ አላሳረፈውም፤ የቤተሰቡ ጥረት ከፈተናው በፊት ባሉት የትምህርት ዓመታትና ከምደባው በኋላ ባሉት ወራት ላይ አረፈ፣ መንግሥት የመለያውን ፈተና ከአንድ የክፍል ደረጃ ወደ ሌላው ባዛወረ ቁጥርም ያ ጥረት አብሮ ተዛወረ። ልጆቿን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲዎች የምትሸኝና የሌሎች አካባቢዎችን ልጆች በዩኒቨርሲቲዋ የምትቀበል ከተማ በመሆኗ ሀዋሳ ይህን ሂደት ከሁለቱም ወገን ለማየት ትመቻለች።

ኮሌጅ ከመምጣቱ በፊትና በኋላ

ሀዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች፤ የከተማዋ ምሥረታም ጠቅላይ ግዛቱን ካስተዳደሩት ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚያን ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት ማለት በዋናነት አዲስ አበባ ማለት ነበር። በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ሌሎች ኮሌጆችን በሥሩ ይዞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር የጤና ኮሌጅም የዚሁ አካል ሆኑ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ያሰበ የደቡብ ወላጅ የመጀመሪያ እርምጃ ልጁን ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ከሚኖር ዘመድ ወይም ከአገር ልጅ ቤት ማስጠጋት ነበር፤ ስንቅ፣ ልብስና አንዳንዴም እህል እየላከ የሚያኖረው ወላጅ ለዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው ነገር ባይኖርም ለዩኒቨርሲቲው የሚያበቃውን መንገድ በራሱ ወጪ ይሸፍን ነበር።

የመንገዱ መጨረሻ በተለምዶ ማትሪክ እየተባለ የሚጠራው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ነበር። ይህ ፈተና በ12ኛ ክፍል ማብቂያ የሚሰጥ ሲሆን ውጤቱ በፊደል ደረጃ ተገልጾ የአምስት ትምህርቶች አማካይ ከ4.0 ይሰላ ነበር። ከሁሉ የላቀ ነጥብ ያመጡት ለዲግሪ፣ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ለሁለት ዓመት የዲፕሎማ ሥልጠና ሲመደቡ የተቀረው እጅግ ብዙ ወጣት ከሁለቱም ውጭ ይሆናል። ነጥብ ያልሞላለት ልጅ ያለው ቤተሰብ ከነበሩት ጥቂት አማራጮች አንዱ ልጁ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዲቀመጥ ማድረግ ነበር፤ ይህም ሥራ ሳይዝ ቤት የተቀመጠን ወጣት ለተጨማሪ ዓመት መቀለብን ይጠይቃል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር በመሰማራታቸው የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ተቋረጠ። የሀዋሳ እርሻ ኮሌጅ የተመሠረተው በዚሁ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. ነው። ኮሌጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዲፕሎማ ደረጃ የግብርና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ ለከተማዋ ነዋሪ ግን የኮሌጅ መምጣት የሚመስለውን ያህል ቅርበት አላመጣም። ምደባው አገር አቀፍ ስለነበር በኮሌጁ አጥር አጠገብ ያደገ ልጅ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ዓለማያ ሲላክ ከወሎ ወይም ከሸዋ የመጣው ሀዋሳ ይማራል። የግል ትምህርት ቤቶች ከአብዮቱ በኋላ ሥልጣን በያዘው ወታደራዊ መንግሥት በደርግ በመወረሳቸውም ወላጅ በገንዘብ የተሻለ ዝግጅት የሚገዛበት ዕድል ጠባብ ሆነ፤ በዚህ ረገድ ዘመኑ በቤተሰቦች መካከል የነበረውን የአቅም ልዩነት ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም አደብዝዞት ነበር።

በሩ ወደ 10ኛ ክፍል ሲወርድ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ለወጠው። ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ በሲዳማ ሲዳምኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ሁለተኛ ደረጃና አገር አቀፍ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። በዚህም ምክንያት እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ የልጁን ደብተር ተመልክቶ ደካማ ጎኑን መለየት ከማይችልበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዝግጅቱ ወሳኝ በሚሆንባቸው ዓመታት ነበር። በሌላ በኩል የግል ትምህርት ቤቶች እንደገና በመፈቀዳቸው በሀዋሳ ከመንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ጎን በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ እናስተምራለን የሚለው ቃላቸውም ዋነኛ መሳቢያቸው ሆነ። ወርኃዊ ክፍያ፣ የቤት አስጠኚና ቱቶሪያል፣ ማለትም ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ በክፍያ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ አቅም ላለው የከተማ ቤተሰብ የተለመዱ ወጪዎች ሆኑ።

አዲሱ መዋቅር ማትሪክን በሁለት ፈተናዎች ተካው። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተጀመረ፤ ይህን ያለፈ ተማሪ መሰናዶ ወደሚባለው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፕሮግራም ሲገባ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይመራል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከመሰናዶ ለሚጨርሱት የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና መሰጠት ጀመረ፣ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የፍሬሽማን ትምህርትም ወደ መሰናዶ ወረደ። በወላጅ ዓይን ሲታይ ይህ ማለት ዋናው መለያ ወደ 16 ዓመት ገደማ ዕድሜ መውረዱ ነው። ቀደም ሲል ለ12ኛ ክፍል ይጠራቀም የነበረው ጥንቃቄ ከ9ኛ ክፍል መጀመር ነበረበት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው የ11ኛ ክፍል ምርጫም ተማሪው ዩኒቨርሲቲን በቅጡ ሳያውቅ የሚወሰን የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከቅበላው 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን የወጣው መመሪያ ለዚህ ምርጫ ተጨማሪ ክብደት ሰጠው።

ተቋማቱም በዚሁ ጊዜ እየበዙ ሄዱ። በ1992 ዓ.ም. የሀዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ በ1998 ዓ.ም. ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ ተቋሙ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። በ1998 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የሕክምና ትምህርቱ ማሠልጠኛ በመሆኑ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ለሚመኝ ወላጅ የሀዋሳ ስም በምርጫ ዝርዝር ላይ ከፍ አለ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ወጪ መጋራት ተደነገገ፤ በዚህ ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ለመክፈል ውል ይገባል። ክፍያው ወደፊት የተላለፈ በመሆኑ የቤተሰብን ኪስ በቅበላው ጊዜ አልነካም፤ ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚማሩበት ነው የሚለውን የቆየ ግንዛቤ በሕግ ዘጋው።

ምደባና ሽኝት

ፈተናውን ካለፈ በኋላ ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት መስኮች በቅደም ተከተል የሚሞላበት ቅጽ ለቤተሰቡ በቅበላው ውስጥ ድምፁን የሚያሰማበት ዋነኛ ቀዳዳ ነበር። በዚህ ቅጽ ላይ የወላጅና የልጅ ፍላጎት የሚጋጭበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልጁ ከቤት ርቆ መኖርን ሲመኝ ወላጅ ቅርበትን፣ ልጁ የወደደውን መስክ ሲያስቀድም ወላጅ ሥራ ያስገኛል ያለውን ይመርጣል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በውጤት፣ በክፍት ቦታና በመቁረጫ ነጥብ ይወሰናል፤ መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ የሚወሰነው ዝቅተኛ የማለፊያ ውጤት ሲሆን ለሴቶችና ለአርብቶ አደርና ታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች በልዩ ድጋፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። የጤና እክል ያለባቸው፣ የሚያጠቡ እናቶችና መንታ ተማሪዎች ማስረጃ አቅርበው በልዩ ሁኔታ የሚታዩበት አሠራርም አለ፤ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ወላጅ በምደባ ሰሞን የተለመደ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ምደባው ይፋ ሲሆን በሀዋሳ መናኸሪያ የሚታየው እንቅስቃሴ ሁለት አቅጣጫ ነበረው። በከተማዋ የታቦርና የአላሙራ አካባቢዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ በሶና ቆሎ አዘጋጅተው ልጆቻቸውን ወደ መቀሌ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጅማ ሲሸኙ፣ ከእነዚያ ከተሞች የመጡ አዲስ ገቢዎች ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ግቢ ይገባሉ። መንግሥት ይህን መቀላቀል የአገር ልጆችን የሚያስተዋውቅ አድርጎ አይቶታል፤ ለወላጅ ግን ዘመድ በሌለበት ከተማ የልጅን ደኅንነት ለማያውቀው ሕዝብ አደራ መስጠት ነበር።

ያ አደራ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በብርቱ ተፈተነ። ሀዋሳ ራሷ በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 ሁከት ስላየች ልጃቸው እዚያ የተመደበባቸው የሌላ አካባቢ ወላጆች ሰግተው ነበር። በጥቅምት 2012 መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉና ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሳው ጦርነት ምክንያት በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች የቀሩ ተማሪዎች ወላጆች ልጆቻቸው እንዲመለሱ በአደባባይ ጠየቁ፤ ተማሪዎቹም በዚያው ክረምት በአፋር በኩል ከተመለሱ በኋላ ወደ ሌሎች ተቋማት ተዛወሩ። ከእነዚህ ዓመታት በኋላ በምርጫ ቅጹ ላይ የመንገድና የአካባቢ ሰላም ከትምህርት ክፍሉ ጥራት ጋር እኩል ይመዘን ጀመር፤ ሀዋሳን በመሰለ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦችም እዚያው መማር እንደ ትልቅ ዕድል ቆጠሩት።

በሩ ሲጠብ

የፈተናው ታማኝነት ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ ተነስቶ ነበር። በግንቦት 2008 የመግቢያ ፈተናው ጥያቄዎች በኢንተርኔት ተሰራጭተው በመገኘታቸው ፈተናው ተሰርዞ ወደ ሰኔ መጨረሻ ተላለፈ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2012 ዓ.ም. ቀርቶ የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ መለያው እንደገና ወደ 12ኛ ክፍል ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ኩረጃን ለመግታት ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ አድረው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከመስከረም 30 ቀን 2015 ጀምሮ በተሰጠው በዚህ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ማለፊያ የሆነውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አላፊዎቹ በሚቀጥለው ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ።

ይህ ቁጥር በቤተሰቦች ዘንድ ያስከተለው ለውጥ ከምደባው ጭንቀት የተለየ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው የት ይመደብ ይሆን የሚል ሲሆን አሁን ያልፍ ይሆን ወደሚል ተመለሰ፤ በትምህርት ቤት የክፍል ውጤቱ ከፍ ያለ ልጅ በአገር አቀፉ ፈተና ሲወድቅ ያየ ወላጅ ለዓመታት የከፈለበትን ሪፖርት ካርድ መጠራጠር ጀመረ። ከመቁረጫው በታች ሆነው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ላላቸው መንግሥት ሪሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ከፍቷል፤ በዚህ ፕሮግራም ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ወራት ተምረው የሚሰጠውን ፈተና ካለፉ ወደ መደበኛው ትምህርት ይገባሉ። ለቤተሰብ ይህ ሁለተኛ ዕድልና ሁለተኛ የመጠበቂያ ዘመን ነው።

ቀጣዩ ለውጥ ከማዕከላዊ ምደባው መሠረት ጋር የተያያዘ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ፣ ማለትም አስተዳደሩን፣ ገቢውንና ቅበላውን ራሱ የሚወስን ተቋም ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህም አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና መለየትና ከፍለው የሚማሩትን መቀበል ጀምሯል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ እንደመሆኑና መንግሥትም ሌሎቹን በየተራ ወደዚሁ መንገድ የማስገባት ዕቅድ እንዳለው በመግለጹ፣ ወላጅ በዩኒቨርሲቲው ፊት አመልካችና ከፋይ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ለሀዋሳም ሩቅ አይመስልም። ያለፉት ዓሥርተ ዓመታት የሚያሳዩት ምደባው ለወላጅ ድምፅ ባይሰጥም ቢያንስ በቅበላው ቅጽበት ባለጠጋውንና ድኻውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀምጥ እንደነበር ነው፤ ልዩነቱ ቀደም ብሎ በትምህርት ቤት ክፍያና በአስጠኚ ይፈጠር ነበር። ራስ ገዝነት ለቤተሰብ የመምረጥ ዕድል ሲሰጥ ያንኑ ልዩነት ወደ ቅበላው ጠረጴዛ የማምጣት አቅምም አለው፤ ስለዚህ የነጻ ትምህርት ዕድልና የክፍያ ድጋፍ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ደንብ ለሲዳማ ገጠር ገበሬና ለሀዋሳ ነጋዴ ልጆች የቀድሞው መቁረጫ ነጥብ የነበረውን ያህል ክብደት ይኖረዋል።