የደም ጠብታና የካንሰር ፍለጋ፤ ከሞንትሪያል እስከ ጋይንት

በ1976 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የእንግሊዝ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጥናት ታተመ። በኢትዮጵያ የጉበት ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ደም የመረመረ ጥናት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ምልክት ይፈልጋል፤ ከዚያው ጋር አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለውን፣ ጉበት ላይ ዕጢ ሲበቅል በደም ውስጥ የሚበዛውን ፕሮቲን ይመረምራል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋ ናቸው፤ የጎንደር ልጅ፣ ካናዳ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው የተመለሱ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ብዙ አንባቢ ቤተሰቡን የሚያውቀው ልጃቸው አይዳ እደማርያም ስለ አያቷ ስለ እመት የተመኙ በእንግሊዝኛ ከጻፈችው መጽሐፍ ነው። ጥናቱን የሚያስታውስ ግን ከሐኪሞች ውጭ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ከእሳቸው ስም ቀጥሎ የሰፈረው ስም ፊል ጎልድ ይላል። ጎልድ በ1965 ከሳሙኤል ፍሪድማን ጋር ሆኖ በአንጀት ካንሰር ላይ ሲኢኤ የተባለውን ፕሮቲን ያገኘ የማክጊል ሰው ነው፤ ዛሬም በየላቦራቶሪው የሚታዘዝ ምርመራ ነው። እንግዲህ ይህ ሳይንስ ገና በጅምሩ ሳለ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ከፈጣሪዎቹ ጋር አብረው ሲሠሩበት ነበር ማለት ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ሳይንሱ ያልተሳካለት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጉናን መሻገር ነው።

ጉና ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በምሥራቁ በኩል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ፣ በደቡቡ እስቴ ይዘረጋሉ። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው የቻይና መንገድ በንፋስ መውጫ ያልፋል፤ የወረዳዎቹ ከተሞች አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ግን ከዚያ ጎዳና ተገንጥሎ መግባት ይጠይቃሉ። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር በመሆኗ ከየአገሩ ተማሪ ሲጎርፍባት የኖረች ናት። ለሕመምተኛ ግን ጉዞው በተቃራኒው ነው፤ ከጤና ኬላ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር፣ ካንሰር ነው ከተባለ ደግሞ ጥቁር አንበሳ። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የጀመረው በ1997 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ሆኖ ቆይቷል።

ጉበቱ ታምሞ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በዚህ አገር መጀመሪያ የሚሰማው «ወፍ ነው» የሚል ነው። መድኃኒት አዋቂ ይፈለጋል፣ ጠበል ይሞከራል፣ ሥራ ሥር ይጠጣል። ቢጫነቱ ከቫይረስ የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚለቅ መድኃኒት አዋቂው ይመሰገናል። ከዕጢ የመጣ ሲሆን ደግሞ ሆድ በውኃ ተወጥሮ፣ ሰውየው ከስቶ፣ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ወቀሳዬ በመድኃኒት አዋቂው ላይ አይደለም። በአካባቢው ሌላ የሚጠየቅ ከሌለ ሰው ወደ ማን ይሂድ?

ካንሰርን በፕሮቲን የማደን ነገር የጀመረው በደም ሳይሆን በሽንት ነው። በ1845 የለንደን ሐኪሞች አጥንቱን የሚያመው አንድ ነጋዴ ሽንት ባሕርይው አልገባቸው ብሎ ወደ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ላኩት። ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲፈላ መልሶ ይሟሟል። ቤንስ ጆንስ ያገኘው ፕሮቲን ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ምልክት ነው። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች፤ ቴዎድሮስም ገና ካሳ ነበሩ።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1963 ሞስኮ ውስጥ ጋሪ አቤሌቭ በዋነኛነት ፅንስ የሚሠራውን አልፋ ፌቶፕሮቲን የጉበት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኘው፤ በዓመቱ ታታሪኖቭ በሰው ደም ውስጥም አየው። ጉበት ሲታመም የፅንስነቱን ሥራ መልሶ እንደሚጀምር ታወቀ። ችግሩ መጠኑ ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ናኖግራም በታች ነው የሚገኘው፤ በዚያው ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን 70 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ከ7 ሚሊዮን አንዱን መፈለግ ነው፤ በጤፍ ጎተራ ውስጥ አንዲት የዳጉሳ ፍሬ እንደመልቀም።

መልቀሚያውን የሰጡት ኒውዮርክ ላይ ሮዛሊን ያሎውና ሶሎሞን በርሰን ናቸው። አንቲቦዲ የሚፈልገውን ፕሮቲን ብቻ መርጦ ይይዛል፤ እነሱ በጨረራ አመንጪ ምልክት ቆጠሩት፣ በ1959 አካባቢ ኢንሱሊንን በዚህ መንገድ ለኩ። ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በርሰን በሕይወት አልነበረም። ጨረር ግን ጥንቃቄውም ዕቃውም ከባድ ነው። በ1971 ስቶክሆልም ላይ ኢቫ ኤንግቫልና ፒተር ፔርልማን ጨረራውን አውጥተው በምትኩ ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም አስገቡ፤ ኤላይዛ ይባላል። ቀለሙ በጠነከረ ቁጥር ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት ነው። ለድሃ አገር ላቦራቶሪ በሩን የከፈተው ይኼኛው ይመስለኛል። በ1975 ኮለርና ሚልስቴይን አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያለማቋረጥ የሚመረትበትን ዘዴ ሲያገኙ ነገሩ ፋብሪካ ገባ። ለማህፀን እንቁልጢ ካንሰር ሲኤ 125 በ1981፣ ለፕሮስቴት ደግሞ የፒኤስኤ ምርመራ በ1980ዎቹ ተከተሉ።

እዚህ ላይ ዘግይቶ ለሚመጣ ሕመምተኛ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው መሣሪያ ፕሮቲኑን በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል ይዞ ነው የሚለካው። ዕጢው እጅግ ገዝፎ ፕሮቲኑ ከመጠን ሲያልፍ ሁለቱም አንቲቦዲዎች ለየብቻ ይጠግባሉ፤ መካከል የሚያዝ ይጠፋል፤ መሣሪያውም ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል። ሆዱ በዕጢ የተወጠረ ሰው «ደህና ነህ» የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ደሙን በብዙ እጥፍ አቅጥኖ ደግሞ መለካት ነው። ይህን የሚያስታውስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከአዲስ መሣሪያ ይበልጣል።

ከሩቅ ወረዳ የሚገኘው ደም ትንሽ ከሆነስ? ደቡብ ጎንደር በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ሰው በትኩሳት ይሞት ነበር፤ ወባ ነው ተብሎ ብዙ መድኃኒት ተሰጠ። ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ሲጀምሩ በሽተኛውን ለመለየት ካገዙት አንዱ አንቲቦዲ የሚያሳይ ወረቀት ነበር፤ ጥቂት ደም ይበቃዋል፣ ውጤቱ እዚያው ይታያል።

ሌላው መንገድ የደረቀው ደም ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ በ1963 ከአራስ ተረከዝ የወጣ ደም በወፍራም ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመር እንደሚቻል አሳየ። በእኛ አገር ይህን ሥራ ላይ ያዋለው ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን 6 ሳምንት ሲሞላው ተረከዙ ይወጋል፤ በካርዱ ላይ የታተሙት 5 ክቦች አንድ በአንድ በደም ይሞላሉ። ነርሷ ክቡ ከጀርባው እስኪርስ ትጠብቃለች፤ ጠብታ በጠብታ ላይ ከደረበች ይበላሻል። ካርዱ አቧራና ፀሐይ በሌለበት ቦታ ለሰዓታት ይደርቃል፣ እርጥበት መምጠጫ ታክሎበት በከረጢት ይታሸጋል፣ ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ ይላካል። አገሪቱ እንዲህ ያለውን ናሙና በፖስታ አገልግሎት አጓጉዛለች፤ የፖስታ ሠራተኞችም ለዚሁ ሠልጥነዋል። በረዶ ሳጥን የለም፣ ብልቃጥ የለም። ከንፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ያለው ወደ 175 ኪሎ ሜትር ለወረቀት ብዙ አይደለም።

በደረቀ ደም ላይ ፕሮቲን መለካት ግን ቫይረስ ከመፈለግ ይከብዳል። ቫይረስ አለ ወይም የለም ነው፤ ፕሮቲን ስንት ነው ይባላል። ቀይ የደም ሕዋስ የበዛበት ሰው ጠብታው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያንሳል፤ ቁጥሩም ይዛባል። ደጋ ላይ ደም ይወፍራል ስለሚባል በ3,000 ሜትር ላይ ላለችው ንፋስ መውጫ ይህ ያሰጋ ነበር። ነገር ግን ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል፤ በአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩት አልሆኑም። የጋይንት ደገኛ ለዚህ ምርመራ የሚያስቸግር ደም ያለው አይመስልም። ይልቅ የሚያሰጋው የስማዳ ቆላ ሙቀትና ክረምት ላይ የሚቆረጥ መንገድ ነው። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ያለውን ጦርነት ጨምሩበት። ከዚያም በፊት በ2021 ንፋስ መውጫ ለቀናት ስትያዝ ሆስፒታሉ ተዘርፏል።

በዓለም ላይ መሣሪያው እየረቀቀ ሄዷል። በ2010 የዴቪድ ዋልት ቡድን ደሙን በዓይን በማይታዩ ብዙ ሺ ጉድጓዶች ከፋፍሎ የፕሮቲን ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ መቁጠር ቻለ። ስዊድን ኡፕሳላ ላይ የተሠራው ሌላ ዘዴ በእያንዳንዱ አንቲቦዲ ላይ የዲኤንኤ ክር ይሰፋል፤ ሁለት አንቲቦዲዎች አንድ ፕሮቲን ላይ ሲገናኙ ክሮቹ ይጋጠማሉ፣ ከዚያ ክሩ ተባዝቶ ይቆጠራል። ለዚህ 1 ማይክሮ ሊትር ይበቃል፤ ከጣት የሚወጣ አንድ ጠብታ የዚያን ብዙ አሥር እጥፍ ነው።

እዚሁ ላይ ማታለልም ገብቷል። በ2003 የተቋቋመው ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ ከጣት በሚወሰዱ ጥቂት ጠብታዎች በርካታ ምርመራ እሠራለሁ እያለ በቢሊዮኖች ዶላር ተገመተ፤ በ2015 ዎል ስትሪት ጆርናል አጋለጠው፣ መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ በ2022 መጀመሪያ ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። ጣት ተጨምቆ የሚወጣ ደም ከሥጋ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ከደም ሥር እንደሚቀዳው አይታመንም። «በአንድ ጠብታ ሁሉንም» የሚል ሻጭ ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ ቢመጣ ይህ ታሪክ ይነገረው።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ጥያቄ ለክቶ ምን ማድረግ ነው የሚለው ነው። እንግሊዝ ውስጥ 202,638 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ሲኤ 125ን ለዓመታት ተከታተለ፤ በ2021 በወጣው ውጤት ምርመራው በእንቁልጢ ካንሰር የሚሞተውን አልቀነሰም። ፒኤስኤን በ1970 ካገኙት አንዱ ሪቻርድ አብሊን ራሱ፣ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በጅምላ ይመርመርበት መባሉን በአደባባይ ተቃውሟል። በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 80,000 ሰው አዲስ ካንሰር እንደሚይዘው ይገመታል፤ ከሁሉ የበዛው የጡት፣ በሴቶች ቀጥሎ የማህፀን በር ነው። ለሁለቱም በደም ፕሮቲን ቀድሞ መያዝ የሚባል ነገር ዛሬ የለም። የጡት እባጭ በእጅ ይዳሰሳል፣ በመርፌ ይወሰዳል። የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ይታያል፤ ለልጃገረዶች ከ2018 ጀምሮ የሚሰጥ ክትባት አለ። ስለዚህ እስቴ ላይ ውድ የፕሮቲን መሣሪያ ተክሎ ለጡት እባጭ መርፌ ማጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጉበት ግን ይለያል። በ2016 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት 7.4 በመቶ እንደሆነ አስቀምጧል። ክትባቱ ለሕፃናት የገባው በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ገበሬ አልደረሰውም። ቫይረሱ ያለበትን ሰው ከሌላው መለየት ከጣት ደምና ከርካሽ ወረቀት አያልፍም፤ አልፋ ፌቶፕሮቲንም የሚጠቅመው እነዚህን ሰዎች ለመከታተል ነው። አላስካ የዚህ ምስክር ናት። መኪና መንገድ በሌላቸው መንደሮች ቫይረሱ ያለባቸው ከ2,000 የሚበልጡ ነባር ነዋሪዎች ከ1982 ጀምሮ በየ6 ወሩ ደም ሰጡ፤ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ብቻ ወደ ከተማ ተጠራ፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጡ የሚችሉ ዕጢዎችም ተገኙ። ሻንጋይ ላይ 18,816 ሰዎችን በያዘ ጥናት ይኸው ምርመራ ከአልትራሳውንድ ጋር በየ6 ወሩ ሲደረግ የጉበት ካንሰር ሞት በ37 በመቶ ቀንሷል። ፕሮቲኑ ብቻውን ሲሦ የሚሆነውን የጉበት ካንሰር እንደሚስት ግን አይዘንጋ፤ አልትራሳውንዱ የግድ ነው።

መድኃኒቱስ? ቴኖፎቪር ነው፤ ለኤችአይቪ ከሚሰጡት አንዱ፣ በየወረዳው የኤችአይቪ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ ለሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን እየተሰጠ መከታተል እንደሚቻል ታይቷል። የደረቀ ደም ካርዱ አለ፣ ፖስታው አለ፣ መድኃኒቱ አለ፤ የቀረው ሦስቱን አገናኝቶ ማዘዝ ነው። ይህ የክልሉ ጤና ቢሮና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ሥራ ነው።

እስኪታዘዝ ድረስ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከቤታችሁ በጉበት የሞተ ሰው ካለ እህት ወንድሞቹን ሄፓታይተስ ቢ አስመርምሯቸው። ነፃ ሆነው ከተገኙ ስለ ክትባቱ ጠይቁላቸው። ቫይረሱ ያለበት ከተገኘ ደግሞ ምንም ባያመው እንኳ በየ6 ወሩ ደሙንና አልትራሳውንዱን ይታይ።