በሁለት መስታወት መካከል

በሰው አገር ስንታመም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብለን ነው። ርካሽ የተባለ ሕክምና ደግሞ የማይረባ ይመስለናል። ሁሌም ግን እንዲያ አይደለም።

የራስ ቅል ተከፍቶ ዕጢ ሲገኝ ሐኪሙ እዚያው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዕጢው ምን ዓይነት ነው? ልቀጥል ወይስ ላቁም? በተለመደው መንገድ ናሙናው ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ውጤቱ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። አቀዝቅዞ መቁረጥ ይፈጥናል፤ ግን ማሽን ይፈልጋል። አንጎል ውሃ ስለሚበዛበትም በረዶው መልኩን ያበላሸዋል።

ሉዊዝ አይዘንሃርት ቦስተን ውስጥ በ1915 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የአንጎል ቀዶ ሐኪም በሃርቪ ኩሺንግ ዘንድ ስትቀጠር ሥራዋ ጽሑፎቹን ማሰናዳት ነበር። ከዚያ ሕክምና ተማረችና በ1925 ተመረቀች። ተመልሳም የዕጢዎቹ መርማሪ ሆነች። በ1930 ከኩሺንግ ጋር ሆና ትኩስ ናሙናን ወዲያው የመመርመሪያ ዘዴ አሳተመች።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ዶሮቲ ራስል ነበረች። አውስትራሊያ ተወልዳ፣ እናት አባቷን በልጅነቷ አጥታ፣ እንግሊዝ አገር አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት። በ1937 ከሁለት ቀዶ ሐኪሞች ጋር ተመሳሳይ ፈጣን ዘዴ አሳተመች። አንዱ ከኩሺንግ ዘንድ የተማረው ሂዩ ኬርንስ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። የመርፌ ራስ የምታህል ቁራጭ መስታወት ላይ ትቀመጣለች፤ በሌላ መስታወት ጫን ተደርጋ ትሳባለች። አንጎል ለስላሳ ስለሆነ እንደ ቅቤ ይለጠጣል። አልኮል፣ ቀለም፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ፤ በቃ! በደቂቃዎች መልስ ይገኛል። ማቀዝቀዣ ማሽን የሌለው ሆስፒታልም ይሠራበታል። ደም በሚስበው ቱቦ መሐል ትንሽ ማጥመጃ ዕቃ ከገባ ደግሞ ከደሙ ጋር ሊደፋ የነበረው ቁራጭ ለናሙና ይተርፋል።

ጉድለትም አለው። ጠንካራ ዕጢ በመስታወት አይለጠጥም፤ የመጨረሻው ቃል ዛሬም በሰም የተሠራው ናሙና ነው።

ስለዚህ እህት ወንድሞች፣ ለእናንተ ወይም ለጓደኛ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ከታዘዘ «ናሙናው እዚያው ይታያል ወይ? የመጨረሻውስ ውጤት መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁስሉ ስለዳነ ብቻ ትኬት አትቁረጡ። የጽሑፍ ውጤቱን ይዛችሁ ግቡ፤ አገር ቤት ያለው ሐኪም የሚጀምረው ከእሱ ነው።