ከማሳ እስከ ጉባኤ

አፈር በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ሳይንስ ከመምጣቱ አስቀድሞ ስም ነበረው። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ አምባዎች፣ ከከላላ ሜዳ እስከ ቦረናው መካነ ሰላም ድረስ፣ ገበሬው ጥቁሩን ዋልካ፣ ድንጋያማውን ጭንጫ ይለዋል፤ ስሙን ሲጠራም ምን እንደሚዘራበት፣ መቼ እንደሚታረስና ክረምት ምን እንደሚያደርገው አብሮ ይናገራል። ዋልካ በሐምሌ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የበሬውን እግር ይይዛል፤ ከማረሻው ላይ ይለጠፋል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ አውጥቶ ውኃውን ያጠነፍፋል፤ ጤፉን ክረምቱ ከገፋ በኋላ፣ ምስሩን፣ ሽምብራውንና ጓያውን ደግሞ ዝናቡ ጋብ ሲል ይዘራል። ይህ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ዕውቀት ነው። ሆኖም ብርቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዝናቡ በሚበረታባቸው ሳምንታት ማሳው ራቁቱን ስለሚውል ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይዞት ይወርዳል።

ይህን ዕውቀትና ይህን ዋጋ በአንድ ሚዛን የሚያኖር ሳይንስ በዓለም ላይም ቢሆን ረጅም ዕድሜ የለውም። ሩሲያዊው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ጥቁር አፈር ያሳተመው ጥናት አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን በአየር ንብረት፣ በሕያዋን፣ በመሬት አቀማመጥና በዘመን ርዝመት የሚገነባ ራሱን የቻለ አካል መሆኑን አስረዳ። የአፈር ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1924 ሮማ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውን መሠረቱ። የከላላው ዋልካ በዚህ ሳይንስ ቋንቋ ቨርቲሶል ይባላል፤ ቃሉ መገለባበጥ ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። የላይኛው አፈር በበጋ ወደ ስንጥቁ እየገባ፣ በክረምት እያበጠ ራሱን በራሱ ያገላብጣልና። በኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ አፈር የተሸፈነ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በከፍተኛው ምድር ይገኛል።

በአገራችን የአፈር ጥናት በተደራጀ መልክ የተስፋፋው ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ መቋቋም ወዲህ ነው። በኮሌጁ ያገለገለው ኤች. ኤፍ. መርፊ ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የተሰበሰበ አፈር መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመ። ሥራው ለዘመኑ ታላቅ ነበር። ከዚህና ከመሰል ጥናቶች ተነሥቶ የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም የሚል እምነት ሥር ሰደደ፤ ለገበሬው የሚቀርበውም ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚሰጡት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሆኑ። ለዋልካውም ለቀዩም፣ ለደጋውም ለቆላውም፣ ለአንድ ሄክታር መቶ ኪሎ ዳፕና መቶ ኪሎ ዩሪያ የሚለው ምክር ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ ግን በብዙ ቦታ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን፣ በአንዳንድ ቦታም ራሱ ፖታሲየም እንደሚጎድል አሳየ። ጥፋቱ የመርፊ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። ጉድለቱ ያ ቃል አራት ዐሥርተ ዓመታት ያህል በበቂ ስፋት ተመልሶ ሳይፈተን መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከእርከኑ ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ተመታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከሻረ በኋላ፣ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ሰፊው ሕዝብ ለእርከንና ለደን ልማት ተሰለፈ። ሠራተኛው ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይቀበል ነበር። ጠቅላላ ጥረቱ በአፍሪካ ውስጥ ከታዩት ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን ጀመሩ። የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር ነው። በ113 ሄክታር ገደማ ተፋሰስ ላይ ዝናቡ፣ ጎርፉና የተጠረገው አፈር በየጊዜው እየተለካ ተመዘገበ። ፕሮግራሙን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከመሰል ጣቢያዎች መረጃ ተነሥተው ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚጠረግ ገመቱ። በዚያው ዐሥርት ዓመት የተካሄደው የከፍተኛው ምድር መልሶ ማቋቋሚያ ጥናትም 27 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው ምድር በአፈር መሸርሸር እንደተጎዳ፣ ሁለት ሚሊዮን ሄክታሩም ለሰብል ሊመለስ እንደማይችል አስታወቀ።

ቁጥሩ አስደነገጠ፤ እርከኑም ተስፋፋ። የሚለካውና የሚሠራው ግን ሁልጊዜ አልተገናኙም። አንዱ ዓይነት እርከን ለእርጥቡም ለደረቁም፣ ለጥልቁም ለስሱም አፈር ታዘዘ። ገበሬው እርከኑ የእርሻውን ስፋት ይቀንሰዋል፣ የአይጥ ጎሬ ይሆናል፣ በዝናባማው ቦታ ውኃ አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሳል ሲል ያሰማው ቅሬታ ከስንፍና ተቆጠረ። መሬቱም በየጊዜው ሲሸነሸን፣ ዛሬ እርከን የሠራበት ማሳ ነገ የማን እንደሚሆን እርግጠኛ አልነበረም። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. የአገዛዙ ክንድ ሲላላ በብዙ ቦታ እርከኑ በሠሩት እጆች ፈረሰ። ግዴታ ያቆመውን ድንጋይ እምነት ስላልደገፈው ሊቆም አልቻለም።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ዋልካው ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአገርና የዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ተባብረው ስለ ጥቁር አፈር አያያዝ የጋራ ጥናት ጀመሩ። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ ጭቃውን በእጁ እየዘገነ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ እያበጀ ውኃውን ሲያጠነፍፍ ተመራማሪዎቹ አዩ። ዘዴው ጥሩ፣ ድካሙ ግን ከባድ ነበር። እነርሱም ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው፣ የብረት ክንፍ አክለውበት፣ በአንድ ጥማድ በሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠሩ። ውኃው ሲጠነፈፍ ስንዴው ቀደም ብሎ ሊዘራ፣ ማሳውም በከባዱ ዝናብ ወራት በቡቃያ ሊሸፈን ቻለ። መሣሪያው ከብዷል፣ ለደካማ በሬ አይሆንም የሚል ነቀፋ ሲመጣም እየተሻሻለ ሄደ። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ሳይንሱ ከሞፈርና ከቀንበር ተነሣ፤ የገበሬው ነቀፋም መሣሪያውን አቀና። በከላላ ጎረቤት በጃማ ዋልካ ላይ የስሪንቃ ምርምር ማዕከል ያካሄዳቸው የስንዴ ሙከራዎችም የዚሁ ጉዞ ተከታዮች ናቸው።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች ሲታይ የኢትዮጵያ የአፈር ሳይንስ ማኅበር ለምን እንዳስፈለገ ይገባል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቅ ብሎ በጉባኤዎቹ የዓለማያውን፣ የደብረ ዘይቱንና የሌላውን ጣቢያ ባለሙያ አገናኘ፤ ከ1999 ወዲህም የተፈጥሮ ሀብት መጽሔቱን አሳተመ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ መስፍን አበበ ስለ ኢትዮጵያ አፈር ባሕርይና አያያዝ የጻፉት መጽሐፍ በዓለማያ ታተመ። የተበታተነው ልኬት መዝገብ፣ መዝገቡም ተሟጋች አገኘ ማለት ነው። የምሁራን ማኅበር ትልቁ ተግባርም ይኸው ነው፤ ትናንት የተባለው ዛሬ እንዲፈተን፣ አንዱ ጣቢያ የተማረውን ሌላው ከሀ እንዳይጀምር ማድረግ።

ነገር ግን የመጽሔቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ዓለም እንዲያነብበው ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ዋልካ፣ ፈሰስና ጭንጫ ግን በየገጹ የባዕድ ስም ለብሰው የገበሬውን ማስተዋል ከበራፍ ያስቀሩታል። መምህሩ በገጠር ትምህርት ቤት፣ የልማት ሠራተኛው በማሳ ዳር፣ ከያኒውም በመድረክ ላይ ይህን ዕውቀት ወደ ወጣበት ቋንቋ የመመለስ ድርሻ አላቸው። በፈረሰው እርከን ፋንታ ሌላ መሥራት ይቻላል፤ ድንጋዩ እዚያው አለ። ከከላላ ማሳ ተነሥቶ በዓባይ የወረደው አፈር ግን የወሎን ገበሬ ዳግመኛ አይቀልብም፤ የቀረውን ለማቆየትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ያሻል።